በመስታወት የተጠበቀ በሬ

ሰው ወደ ፊት እየሄደ ወደ ኋላ እንዲያይ ተብሎ የተሠራ ዕቃ ሁሉ መጨረሻው አያምርም። ይህን የምለው ፈላስፋ ሆኜ አይደለም፤ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ፣ ከቡሬ ደምበጫ ስመላለስ፣ በበጋ አቧራውን በክረምት ጭቃውን ስውጥ ይኸው ጎልምሻለሁ። ሆዴ ውስጥ ባለው አፈር ላይ ጤፍ ቢዘራበት አንድ አጥቢያ ቀጥ አድርጎ ያበላል።

በዚህ ሁሉ ዘመን ግን እንደ ስፖኪዮ ያዋረደኝ ነገር የለም። ስፖኪዮ የምንለው ያው በመኪናው ግራና ቀኝ እንደ ጆሮ የተንጠለጠለውን መስታወት ነው። በበጋ ደኅና ነው። ክረምት የገባ ዕለት ግን እንደ ከበረ ዘመድ ይሆናል፤ ፊት ለፊቱ ቆመህ «አላየሁህም» ይልሃል። የእኛ አገር ዝናብ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚዘንብ እንዳይመስላችሁ። ከግራ ይመጣል፣ ከቀኝ ይመጣል፣ ጎማው ሲያነሣው ከታችም ይመጣል። አንድ ጊዜ እንዲያውም ከመኪናው ውስጥ ወደ ውጭ ሲዘንብ አይቻለሁ። ያላመነ አይመን።

አሁን የማወጋችሁ ነገር የሆነው በነሐሴ መጀመሪያ፣ ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን ነው። የምነዳት መኪና የአንድ እህል ነጋዴ ናት። ክረምት ላይ የሚጫን እህል ስለሌለ አንድ ባዶ ቀይ በርሜል ብቻ ይዤ ቡሬ ልሄድ ከፍኖተ ሰላም ገበያ ዳር ቆሜ ነበር። ያን ጊዜ አያ ደሴ በሬ እየነዱ መጡ።

አያ ደሴ ከቡሬ ወዲህ ያሉ ገበሬ ናቸው። ስድሳ ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል፤ ቀጭን ናቸው፤ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ይከናነባሉ፤ ቃልም እንደ ዘር እህል ይቆጥባሉ። ከጥማዳቸው አንዱ በግንቦት ሞተባቸውና ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ፣ እሳቸው አንድ በሬ ጎረቤታቸው አንድ በሬ እያመጡ፣ በተራ ሲያርሱ ከረሙ። ተራ ማለት እንግዲህ ታውቃላችሁ። ፀሐዩ ሁልጊዜ በጎረቤት ተራ ይወጣል፣ ዶፉ ሁልጊዜ በአንተ ተራ ይወርዳል። የጤፍ ማሳቸው ሳይዘራ ነሐሴ ደረሰ። በመጨረሻ ያላቸውን አሟጠው ትናንት ከገበያው ይህን በሬ ገዙ። ዳማ ይባላል፤ መልኩም ዳማ ነው፣ የተጠበሰ ሸክላ የመሰለ።

«ነገ ካላረስሁ ከነገ ወዲያ በዓል ነው» አሉኝ። «ከበዓሉ በኋላ ደግሞ የጤፍ ጊዜ አለፈ። ይህን ሁሉ መንገድ በእግሩ ብነዳው ደክሞ ይገባል፤ የደከመ በሬ ነገ ቀንበር አይሸከምም።»

«ይጫን» አልሁ። መኪናዋን ወደ አንድ ጉብታ አስጠግቼ ዳማን አስወጣነው። አያ ደሴ በጠፍር ከጭነቱ ጎን እንጨት ላይ አሰሩት። የኋላውን ስፖንዳ፣ ያን የሚከፈት የሚዘጋውን የጭነቱን በር፣ ገጥሜ መንጠቆውን ጣልሁ። መንጠቆው ስላረጀ እየላላ ይወጣል፤ ስለዚህ እንደ ወትሮው ጨርቅ ወተፍሁበት። ይህችን ጨርቅ ያዙልኝ።

አያ ደሴ ከበሬያቸው አጠገብ ሊወጡ እግራቸውን ሲያነሡ ክንዳቸውን ያዝሁ። ደግነት የሚሉት በሽታ እዚህ ላይ ተነሣብኝ።

«በዚህ ዝናብ ከበሬ ጋር ሊበሰብሱ ነው? ከፊት ይግቡ።»

«በሬውንስ ማን ያየዋል?»

«እኔ።»

«አንተ ወደ ፊት ነው የምታይ።»

«በመስታወት እጠብቀዋለሁ» አልሁና ስፖኪዮውን በእጅጌዬ ወልውዬ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩ። ዳማ ቁልጭ ብሎ ቆሟል፤ እንዲያውም ከራሱ ይልቅ በመስታወቱ ውስጥ ሰባ ብሏል።

«እኔ በሬ ከፊቴ አድርጌ ስነዳ ነው የኖርሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ከኋላው አስቀምጦ የሚነዳ ዛሬ አየሁ።»

«ዘመኑ ነው አያ።»

«ጠፍሩስ? ቆዳ እኮ ነው። ውሃ ከጠጣ ይለጠጣል።»

«መስታወት አለኝ አልሁዎት።»

ገቡ። ከውስጥ ጥሩነሽ ቀድማ ተቀምጣለች። ጥሩነሽ የቅቤ ነጋዴ ናት፤ ጾሙ ሲፈታ የሚሸጥ አንድ ቅል ሙሉ ቅቤ ታቅፋ ቡሬ ትሄዳለች። ምላሷ ከሚዛኗ ይከብዳል። መኪና ያዞረኛል ብላ የመስኮቱን ጥግ ይዛለች፤ መስኮቱ ግን አይከፈትም፤ በዚያ በኩል ያለው ስፖኪዮም ከተሰበረ ቆይቷል። ከጀርባችን የነበረውንም መስታወት ከተሰበረ ወዲህ በቆርቆሮ ደፍኜዋለሁ። ስለዚህ ዳማን ከእኛ ጋር የሚያገናኘው በእኔ በኩል ያለው መስታወት ብቻ ነበር።

ከፍኖተ ሰላም ገና ሳንርቅ መስታወቱ ጠፋ። እጄን አውጥቼ ጠረግሁት። ዝናቡ በእጅጌዬ ገብቶ፣ በክርኔ ዞሮ፣ በብብቴ አልፎ ወንበሩ ላይ ኩሬ ሠራ።

«አለ?» አሉ አያ ደሴ።

«አለ።»

ደግሜ ጠረግሁ። ደግሞ ጠፋ። እጅ የዝናብ ጠላት አይደለም ለካ፤ ዘመዱ ነው። ጥቂት ሄድን።

«አለ?»

«አለ።»

ይህን ጊዜ የድሮ ሹፌሮች የነገሩኝ ትዝ አለኝ። ጥሬ ድንች ቆርጠህ መስታወቱን ብታሸው ውሃ አይዝበትም ይላሉ። ለቤት የገዛሁት ድንች ከወንበሬ ሥር ነበር። ቆምሁ፤ ወረድሁ፤ አንዱን ለሁለት ከፍዬ አሸሁት። እውነቱን ለመናገር ሠራ። አቡነ ዘበሰማያት ደግማችሁ እስክትጨርሱ ድረስ መስታወቱ እንደ ምንጭ ውሃ ጠራ። ዳማ ሲያመሰኳ ሳይቀር አየሁ። «ያመሰኳል» አልኋቸው ለአያ ደሴ፤ ፊታቸው ፈታ አለ። ወዲያው ግን ዶፉ መጣና ድንቹን አጠበው፤ የቀረውም በመስታወቱ ላይ እንደ አጥሚት ነጭ ሆኖ ረጋ።

ማንኩሳን እንዳለፍን እንደገና ቆምሁ።

«አንተ ሰው» አለች ጥሩነሽ፣ «ይህችን መስታወት ልታገባት ነው? በየእርምጃው ትወርድላታለህ።»

«ጠፋብኝ እኮ።»

«ጨርቅ የለህም?»

ጨርቅ ነበረኝ። ሄድሁና ከመንጠቆው ላይ መዝዤ አመጣሁት። ጨርቁ ያዙልኝ ያልኋችሁ ነው። እናንተ ይዛችሁልኛል፤ እኔ ለቀቅሁት።

ለካ ጨርቁ የዓመት ናፍጣ ጠጥቷል። መስታወቱን ባሸሁት ቁጥር ቀይና አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቢጫ እየወጣ የማርያም መቀነት ተዘረጋበት። ጌታ ዓለምን ዳግመኛ በውሃ አላጠፋም ብሎ ለኖኅ የሰጠው ምልክት በእኔ ስፖኪዮ ላይ ታየ። ማጽናናቱ ባይከፋም በሬ አያሳይም።

እንዲያ ተክዤ ስቆም ጥሩነሽን አየኋት። ልትስቅብኝ በሩን ከፍታ አንገቷን አውጥታለች። ዝናቡ በራሷ ላይ ይወርዳል፤ ግን ጾሙ ሳይገባ የተቀባችው ቅቤ ከሹሩባዋ ስላልለቀቀ ጠብታው አይይዝም፤ እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ይሄዳል። ሹሩባዋ ደረቅ ነው። እኔ ደግሞ ሊቅ ሆንሁ።

«ጥሩነሽ፣ ጥቂት ቅቤ ስጭኝ።»

«ለምኑ?»

«ለመስታወቱ።»

«መኪናህ ሹሩባ ልትሠራ ነው?»

አያ ደሴ እንኳ በጋቢያቸው ውስጥ ሳቁ። ጥሩነሽ ቅሏን አቅፋ ብዙ ተከራከረች። ኋላ ግን «ይህን ሳላይ ብሞት ይቆጨኛል» አለችና በሁለት ጣቴ ጨልፌ እንዳወጣ ፈቀደች። መስታወቱን ከዳር እስከ ዳር ቀባሁት። ከዚያም፣ የእናቴ ልጅ፣ የለመደ እጄ ወደ አፌ ሄደና ጣቶቼን ላስኋቸው።



«ሰውዬ» አለች ጥሩነሽ፣ «ዛሬ ምን ጾም እንደሆነ ታውቃለህ?»

አያ ደሴ አማተቡ። በፍልሰታ ሕፃን እንኳ ይጾማል። የአርባ ዓመት ጎልማሳ መንገድ ዳር ቆሞ ቅቤ ሲልስ የታየው በእኔ ነው።

«መጥረጊያ አጥቼ ነው» አልሁ።

«ድንቹንም በልቶት ይሆናል» አለች ለአያ ደሴ።

ተነሣን። ቅቤው አላሳፈረኝም፤ እውነትም ውሃ አልያዘበትም። ችግሩ ሌላም ነገር አልያዘበትም። ሰማዩም፣ ዛፉም፣ መንገዱም ሁሉ በቅቤ ውስጥ ሟሙቶ ጠፋ። ከዚያ ሁሉ መሐል አንዲት ቀይ ነገር ብቻ ትንፏቀቃለች። ቀይ ካለ በሬ አለ ብዬ ቆረጥሁ።

«አለ?» አሉ አያ ደሴ።

«አለ» አልሁ።

አሁን ሳስበው በዚያች ቃል ላይ እቆማለሁ። ዋሸሁ ማለት አልችልም፤ ቀይ ነገር አይቻለሁ። እውነት ተናገርሁ ማለትም አልችልም፤ በሬ አላየሁም። በዚህ ዓለም ላይ ትልቁ ጥፋት በውሸትና በእውነት መሐል ባለችው በዚህች የቅቤ መስታወት በኩል የሚያልፍ ይመስለኛል። የጠየቀህ ሰው እንዲያርፍ ትፈልጋለህ፤ አንተም ደግመህ ዝናብ ውስጥ መውረድ አትፈልግም። ታዲያ «አለ» ትላለህ።

ኅፍረቴን ለመሸፈን ወሬ ጀመርሁ። ከአዴት መልስ ጎማዬን ጅብ እንደበላብኝ፣ በሦስት ጎማና በአንድ ግንድ እንዴት ቤቴ እንደገባሁ አወራሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እኔ ከዝናቡ በላይ እጮሃለሁ። አንዱን ዳገት በሰው እርምጃ ስንወጣ ከኋላ አንድ ነገር ዷ ብሎ ወደቀ።

«ምንድን ነው?» አሉ አያ ደሴ።

«ነጎድጓድ ነው።»

«ከኋላ?»

«ነጎድጓድ ፊትና ኋላ የለውም አያ። እና ጅቡ ሁለተኛውን ጎማ ሊጀምር ሲል...»

ስድስት ሰዓት ገደማ አያ ደሴ ከሚወርዱበት መታጠፊያ ደረስን። ዝናቡም አባራ። ወረዱና ወደ ኋላ ዞሩ። እኔም ተከተልሁ። ስፖንዳው እንደ ደከመ ምላስ ተዘርግቶ ተንጠልጥሏል። መንጠቆው ባዶውን ይወዛወዛል። የተለጠጠው ጠፍር ከእንጨቱ ላይ ቋጠሮውን ፈትቶ ወርዷል። ከላይ ያለው ቀይ በርሜሌ ብቻ ነው፤ እኔን እያየ ቆሟል።

 አያ ደሴ ሰድበውኝ ቢሆን ቀለል ይለኝ ነበር። ከአንዲት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጋቢያቸውን ሳቡና ከወዲያ ማዶ ያለውን ማሳቸውን አዩ። ጥቁር ነው፤ ውሃ ጠግቧል፤ ይጠብቃል።

«አለ አላልኸኝም?» አሉኝ።

  ጥሩነሽ እንኳ አልቀለደችብኝም፤ ነገሩ እንደከፋ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

«ምናልባት...» አልሁ።

«ምናልባት ወንዝ ወስዶታል» አሉ። «ምናልባት ሰው ነድቶታል። ምናልባት እግዜር ካለ ወደ ቀድሞ ጌታው ሄዷል። የተገዛ በሬ አገሩን አይረሳም፤ እንደ አንተ መስታወት አይደለም።»

የሸጡላቸው ቄስ ውቤ ከማንኩሳ አጠገብ ነው ቤታቸው። መኪናዋን አዞርሁ። ጥሩነሽን «አውቶቡስ ጠብቂ፣ ቡሬ ትገቢያለሽ» ብላት «መጨረሻውን ሳላይ ቡሬ ገብቼ ምን ላወራ ነው?» ብላ ቅሏን አቅፋ ተመለሰች። በመንገድ ሁሉ አያ ደሴ በግራ በቀኝ ያለውን ገደልና ቦይ ያያሉ፣ እኔ ወደ ፊት ብቻ አያለሁ። ወደ ኋላ የማይ ነገር አልነበረኝም።

ዳማ በቄሱ ቤት ጣሪያ ጥላ ሥር ቆሞ ድርቆሽ ይበላል። ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀልንም።

አያ ደሴ ሄደው ግንባሩን በመዳፋቸው ያዙና ቆዩ። ቄስ ውቤ መስቀላቸውን አሳልመውን፣ «ትናንት የሸጥሁትን በሬ ዛሬ ከደጄ ባገኘው ገዢው የሞተ መስሎኝ ፍትሐት ልጀምር ነበር» አሉ። «ምን አግኝቷችሁ ነው?»

ልናገር አፌን ስከፍት ጥሩነሽ ቀደመችኝ። ከድንቹ ጀምራ አንድም ሳታስቀር አወራች። ናፍጣውን አወራች፣ ነጎድጓዱን አወራች፣ ጣቴን መላሴ ላይ ስትደርስ ቆማ በተግባር አሳየች።

«በፍልሰታ?» አሉ ቄሱ።

«አንድ ጣት ነው አባቴ» አልሁ።

«ሁለት ነው» አለች።

ቄስ ውቤ ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። «ለቅቤው የንስሐ አባትህ አሉ፤ ስግደቱን እሳቸው ይስጡህ። ለበሬው ግን እኔ ልንገርህ። እስከ አያ ደሴ በረት ድረስ በእግርህ ትነዳዋለህ። ከኋላው ሆነህ። በዓይንህ እያየህ። ባቄላ ስለሰጠሁት በርትቷል፤ ቀስ አድርጋችሁ ከነዳችሁት ነገ ያርሳል።»

«መኪናዬስ?»

«እኔ እዚሁ ከቄሱ ሚስት ዘንድ አድራለሁ» አለች ጥሩነሽ። «መኪናህን እጠብቅልሃለሁ። በመስታወት።»

ስንወጣ የቄሱ ድመት ሞተሩ ላይ ወጥታ፣ አንገቷን አስግጋ ስፖኪዮዬን ትልሳለች። ጾም የማያውቅ እኔ ብቻ አለመሆኔ ትንሽ አጽናናኝ። መስታወቱ ከተሠራ ጀምሮ እንደዚያ ጠርቶ አያውቅም።

እንግዲህ ሄድን። አያ ደሴ ከፊት፣ ዳማ ከመሐል፣ እኔ ከኋላ። ጥቂት እንደተራመድን ዝናቡ መለሰ። ለካ ዓይንም ዝናብ ያገኘዋል። በእጄ ጠረግሁት፤ ደግሞ ሞላ፤ ደግሜ ጠረግሁት። ለዓይን ድንች አይሆንም፣ ቅቤ አይሆንም፤ መጥረግ ብቻ ነው። ዳማም በመስታወቱ ውስጥ ከታየው ይልቅ ከሳ ብሎ፣ በጭቃ ተለውሶ፣ ጅራቱን አልፎ አልፎ ፊቴ ላይ እየጣለ ይሄዳል። መኪና ነድቼ ስኖር አንድ ነገር ይህን ያህል ጊዜ ሳላቋርጥ አይቼ አላውቅም። በግራ ታፋው ላይ ያለችውን ጠባሳ፣ የኋላ ቀኝ እግሩን ሲያነሣ እንዴት እንደሚያመነታ፣ ውሃ ሲያይ እንዴት እንደሚያሸት፣ ዛሬም ጠይቁኝ፣ እነግራችኋለሁ።

ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። አያ ደሴ አንድ ጊዜ እንኳ «አለ?» አላሉም። ዞርም አላሉም። ጠዋት በየመቶ እርምጃው ሲጠይቁኝ የነበሩ ሰው፣ አሁን እውነተኛ መልስ በአፌ ይዤ ስከተላቸው፣ ጥያቄው ጠፋ። አንድ ሰዓት ሄድን። ሁለት ሰዓት ሄድን። ተቀይመውኛል፣ ከእንግዲህ ቃሌን አይሹም እያልሁ ተከተልኋቸው። ከቤታቸው አጠገብ ሲደርሱ አልቻልሁም።

«አያ ደሴ» አልሁ። «አለ።»

«አውቃለሁ» አሉ፣ ሳይዞሩ።

«ሳያዩ እንዴት ያውቃሉ?»

«ዝም ብለሃላ።»

ሳይጨልም በረት አስገባነው። ሌላው በሬያቸው አሽትቶት ወደ ጎን ጠጋ አለለት። እኔም ሽሮ በልቼ፣ ጣቴን በአግባቡ ታጥቤ፣ መደብ ላይ ተኛሁ።

ጠዋት ስነቃ ዝናቡ ቆሟል። ከማሳው የጅራፍ ድምፅ ይሰማል። ወጥቼ ባይ አያ ደሴ ሁለቱን በሬ ጠምደው፣ ከፊታቸው አድርገው፣ ትልሙን ይዘዋል። ዳማ በቀኝ በኩል ነው፤ የኋላ እግሩን ሲያነሣ አመነታና መታ። ሚስታቸው ከዳር የጤፍ ዘር የያዘ እንቅብ አስቀምጠዋል።

ልሂድ ብዬ እጄን አነሣሁላቸው። እርፉን ሳይለቁ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ሹፌሩ፣ መኪናህ አለች?»

ልማዴ ነውና «አለች» ልል ነበር። ቃሉ ከከንፈሬ ደርሶ ነበር። መለስሁት።

«እኔ እንጃ አያ ደሴ» አልሁ። «ከትናንት ወዲህ አላየኋትም። ጥሩነሽ በመስታወት እየጠበቀቻት ነው።»